ገበያው ሲስቅ ያድምጡ፣ ሲያጨበጭብ ይቁጠሩ

በአንድ ፓውንድ ለንደን ውስጥ ምን ይገዛል? አንድ ስኒ ቡና እንኳ አይገዛም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በማርች 2009 ሮስ ብራውን የተባሉ እንግሊዛዊ ኢንጂነር ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ ሙሉ የፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ቡድን የገዙት በአንድ ፓውንድ ነበር። ሕንፃው፣ ማሽኑ፣ ኮምፒዩተሩ፣ ገና ጎማው መሬት ያልነካው አዲስ መኪና፣ ሁሉም ተጠቃልሎ አንድ ፓውንድ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በዚያው አገር አንድ ትልቅ የመኪና ፋብሪካ በአሥር ፓውንድ ተሽጧል። እንግዲህ ፋብሪካው ከቡድኑ አሥር እጥፍ ተወደደ ማለት ነው።

ለመሆኑ ከሁለቱ ገዢዎች ያተረፈው የትኛው ነው? መልሱ ቆይቶ ይመጣል። አሁን አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ይያዝልን። በአንደኛው ግዢ ሰው ስቋል፤ በሌላው ደግሞ አደባባይ ወጥቶ አጨብጭቧል። ይህ ጸሐፊ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ሲማር መምህራኑ ‹‹ዋጋ መረጃ ነው›› ይሉት ነበር። ሳቅና ጭብጨባም መረጃ መሆናቸውን ግን የነገረው አልነበረም። እሱን የተማረው ከእንግሊዞች የመኪና ወሬ ነው።

ፊቱ የማይፈታ ቀልድ

እንግሊዛዊ ሲቀልድ ፊቱ አይፈታም። ትልቁን ነገር አሳንሶ፣ ትንሹን ነገር በክብር ይናገረዋል። ቤቱ እየተቃጠለ ‹‹ዛሬ ትንሽ ሞቅ ብሏል›› የሚል ሰው ካጋጠምዎ እንግሊዛዊ ነው ብለው ይወራረዱ፤ አይበሉም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚቀልዱት በራሳቸው ነው። ለአሥርተ ዓመታት የፎርሙላ ዋንን ውድድር በቢ.ቢ.ሲ፣ በኋላም በአይ.ቲ.ቪ ሲያስተላልፉ የኖሩት መሪ ዎከር እ.ኤ.አ. በ2021 በ97 ዓመታቸው ሲያርፉ አገሩ ያዘነላቸው አንደበታቸው ስለማይስት አልነበረም። ስለሚስት ነበር። እሳቸው ‹‹እገሌ ያለ አንዳች ችግር እየመራ ነው›› ባሉ ቅጽበት የእገሌ መኪና ይጨስ ነበር ይባላል። ስህተቶቻቸው ተለቅመው እንደ ተረት ይነገራሉ።

ይህ ጠባይ ለገበያ ሰው ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም አለው። ራሱን የሚቀልድበት ሰው ጉድለቱን በገዛ አፉ ይናገራል። የተነገረ ጉድለት ደግሞ ዋጋ ይወጣለታል። ይህን በአራት ጉዳዮች እንመልከተው።

ጣሪያ የሌለው መኪና

የመጀመሪያው ባለታሪክ ሰር ክላይቭ ሲንክሌር ናቸው። እኚህ ሰው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ የቤት ኮምፒዩተር ሠርተው ለብዙ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ያዳረሱና የሰርነት ማዕረግ ያገኙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1985 ለንደን በሚገኘው አሌክሳንድራ ፓላስ ጋዜጠኞችን ጠርተው ‹‹ሲ 5›› የተባለችውን በባትሪ የምትሄድ ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ አስመረቁ። ዋጋዋ 399 ፓውንድ ነበር። ፍጥነቷ በሰዓት 15 ማይል፣ ማለትም 24 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መንጃ ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ የ14 ዓመት ልጅም ሊነዳት ይችላል። ጣሪያ የላትም። ከመሬት ዝቅ ያለች በመሆኗ ነጂው ከከባድ መኪና ጎማ ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። የተመረቀችውም በእንግሊዝ ክረምት፣ በበረዶ ሰሞን ነበር።

አገሩ በሙሉ ሳቀ። የተገጣጠመችው ዌልስ ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ፋብሪካ ስለነበር ‹‹ሞተሯ የልብስ ማጠቢያ ነው›› ተባለ። ወሬው ሐሰት ቢሆንም የሚያቆመው አልተገኘም። 14,000 ያህል ተሠርተው ድርጅቱ በዚያው ዓመት በኦክቶበር በባለዕዳ አስተዳዳሪ እጅ እስኪወድቅ ድረስ የተሸጡት 5,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። በዓመቱ ሲንክሌር የኮምፒዩተር ሥራቸውን ለአምስትራድ ኩባንያ በአምስት ሚሊዮን ፓውንድ ለመሸጥ ተገደዱ።

እዚህ ላይ ሳቁ ትክክል ነበር ወይ? ስለ ዕቃዋ አዎን። ‹‹ዝናብ ሲመጣ ምን ልሁን? የከባድ መኪና ሾፌር እንዴት ያየኛል? ዳገት ላይ ባትሪው ቢደክም?›› የሚሉት ቀልዶች በሙሉ ያለ ክፍያ የቀረቡ የገበያ ጥናቶች ነበሩ። የሳቁ ሰዎች የተሳሳቱት ከዚያ አልፈው ‹‹የባትሪ ተሽከርካሪ ራሱ ቀልድ ነው›› ሲሉ ነው። ዛሬ የለንደንን መንገድ ያየ ሰው በባትሪ የሚሄድ ብስክሌትና መኪና እንደ አሸን መፍላቱን ይመሰክራል። ሐሳቡ ትክክል፣ ዕቃው ስህተት፣ ጊዜው ደግሞ ገና ነበር። ሳቅ ሦስቱን ለይቶ አይነግርም። መለየት የነጋዴው ሥራ ነው።

ተገፍቶ ጋራዥ የገባው መኪና

ሁለተኛው ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ‹‹ቶፕ ጊር›› የተባለው የቢ.ቢ.ሲ የመኪና ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ቴስላ የተባለ አዲስ የአሜሪካ ኩባንያ ያቀረበውን ‹‹ሮድስተር›› የኤሌክትሪክ መኪና ሞከረ። አቅራቢው ጄረሚ ክላርክሰን መጀመሪያ የመኪናውን አፈትላኪነት በአድናቆት ተናገረ። ቀጥሎ ግን በእነሱ የመሞከሪያ ሜዳ ላይ በአንድ ባትሪ ሙሊት የሚሄደው ኩባንያው እንደሚለው 200 ማይል ሳይሆን 55 ማይል ብቻ እንደሆነ ገለጸ። ወዲያው መኪናው በሰው ተገፍቶ ወደ ጋራዥ ሲገባ ታየ። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ቴስላ ግን አልሳቀም። እ.ኤ.አ. በ2011 ስም ማጥፋት ነው ብሎ ለንደን ላይ ክስ መሠረተ። ከመኪናዎቹ የተወሰደው መረጃ ባትሪያቸው ከ20 በመቶ በታች አለመውረዱን ያሳያል ሲል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የኩባንያውን አቤቱታ ውድቅ አደረገው። ምክንያቱን በገበያ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የሚነዳ መኪና በመንገድ ላይ ከሚነዳ መኪና ይልቅ ባትሪ እንደሚጨርስ ጤነኛ ተመልካች ያውቃል የሚል ነው። ቀልዱ በሕግ ጸና ማለት ይቻላል።

አስቂኙ ነገር ሌላ ነው። እንግሊዞች የሳቁበት መኪና አካሉ የተሠራው እዚያው እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ውስጥ፣ በእሽቅድምድም ታሪኩ ስመ ጥር በሆነው በሎተስ ፋብሪካ ነበር። መነሻውም የሎተስ ኤሊዝ የተባለችው መኪና ናት። ባትሪና ሞተሩ ብቻ አሜሪካ ላይ ይገጠሙ ነበር። እንግሊዝ በገዛ እጇ ሥራ ሳቀች፤ ትርፉን ሌላ ወሰደው። በዚያ ሰሞን በኪሳራ አፋፍ ላይ የነበረው ቴስላ እ.ኤ.አ. በጁን 2010 አክሲዮኑን በ17 ዶላር ለሕዝብ አቀረበ። በኦክቶበር 2021 ደግሞ የኩባንያው ጠቅላላ የገበያ ዋጋ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር አለፈ። ‹‹55 ማይል›› የሚለውን ቀልድ ሰምቶ የዘጋ ባለሀብትና ያንኑ ቀልድ ሰምቶ ‹‹እንግዲያው ችግሩ ባትሪው ብቻ ነዋ!›› ያለ ባለሀብት የሰሙት አንድ ቀልድ ነው። ያተረፉት ግን አንድ አይደለም።

የአንዲት ፓውንድ ቡድን

አሁን ወደ አንድ ፓውንዱ እንመለስ። የጃፓኑ ሆንዳ የፎርሙላ ዋን ቡድኑን ብራክሊ በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ያሠማራ ነበር። 700 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ ወጪው በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ውድድር ያገኘው ግን 14 ነጥብና ዘጠነኛ ደረጃ ነው። የዓለም የገንዘብ ቀውስ መጣ፤ የመኪና ሽያጭ ወደቀ። በዲሴምበር 2008 ሆንዳ ‹‹በቃኝ›› አለ።

ፈላጊ ጠፋ። ገዢ ነን ባዮች መጡ፣ ሄዱ። በመጨረሻ ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ሚስተር ብራውን ከባልደረቦቻቸው ጋር ተረከቡት። ሆንዳ ቡድኑን ቢዘጋው ለሠራተኛና ለውል ማፍረሻ ብዙ ይከፍል ስለነበር ማስኬጃ ገንዘብ ጭምር አስይዞ ሰጣቸው። የሆንዳ ሞተር ስለሌለ መኪናውን ቆርጠው ቀጥለው የመርሰዲስ ሞተር ገጠሙበት። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ተቀነሱ። ማስታወቂያ የሚለጥፍ ድርጅት እምብዛም ስላልተገኘ መኪናው እንደ ሙሽራ መኪና ነጭ ሆኖ ወጣ።

ቀጥሎ የሆነውን የእሽቅድምድም ወዳጆች ያውቁታል። በማርች 29 ቀን 2009 ሜልቦርን ላይ በተካሄደው የመጀመሪያ ውድድር ጄንሰን በተን አንደኛ፣ የቡድን ጓደኛው ሩበንስ ባሪኬሎ ሁለተኛ ወጡ። አንድ ቡድን በመጀመሪያ ውድድሩ አንደኛና ሁለተኛ ሲወጣ ከ1954ቱ መርሰዲስ ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነው። በተን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ የነጂዎችም የቡድኖችም ሻምፒዮና የአንድ ፓውንዱ ቡድን ሆነ።

ይህ ተአምር አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ለ2009 የውድድሩ የቴክኒክ ደንብ ከሥር መሠረቱ ተለውጦ ነበር። ሚስተር ብራውን ይህን ዐውቀው የ2008ቱን መኪና ገና በጊዜ ትተው የሆንዳን ገንዘብና የመሐንዲሶቻቸውን ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት መኪና ላይ አዋሉት። የ2008ቱ ዘጠነኛ ደረጃ ከፊሉ ሽንፈት፣ ከፊሉ ግን የዘር ወጪ ነበር። በመኪናው የኋላ ወለል ሥር አየር የሚያልፍበት ድርብ ማስተላለፊያም ከደንቡ ቀዳዳ የተገኘ ብልሃት ነበር። ተፎካካሪዎች ተቃወሙ፤ የይግባኝ ሸንጎው በኤፕሪል 2009 ሕጋዊ ነው አለ። ሆንዳ አረሰ፣ ዘራ፣ አረም ነቀለ፤ አዝመራው ሲደርስ ማሳውን በአንድ ፓውንድ ሸጠ። በሰፈሩ የሚሳቅበት ሰብል ግን ማሳው ውስጥ ነበር። የቆጠረው ሰው አልነበረም እንጂ።

ለምን በነፃ አልሰጠም የሚል ይኖራል። የእንግሊዝ የውል ሕግ ስለማይወድ ነው። በእነሱ ሕግ ውል የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች አንዳች ነገር ሲሰጣጡ ነው፤ መጠኑ ግን አይጠየቅም። ሕግ ዐዋቂዎቻቸው ‹‹አንዲት የቁንዶ በርበሬ ፍሬም ትበቃለች›› ይላሉ። ስለዚህ አንድ ፓውንድ ዋጋ አይደለም፤ የውል ማሰሪያ ነው። ትክክለኛው ዋጋ ያለው ከዕዳው፣ ከደመወዙ፣ ከግዴታው ጋር ነው። ‹‹በአንድ ብር ገዛው›› የሚል ወሬ ሲሰሙ ‹‹ከምን ዕዳ ጋር?›› ብለው ይጠይቁ።

ሁለቱንም የገዛው ጀርመናዊ

እንግዲህ በ2009 መግቢያ ላይ እንግሊዝ ውስጥ የሚሳቅባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ ተገፍቶ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሌላው ገዢ ያጣው የእሽቅድምድም ቡድን። የመርሰዲስ ባለቤት የሆነው ዳይምለር በዚያው ዓመት ሁለቱንም ገዛ። በሜይ ወር የቴስላን 10 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ በ50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያዘ። በኖቬምበር ደግሞ ከአቡ ዳቢው አባር ጋር ሆኖ የብራውንን ቡድን 75.1 በመቶ ድርሻ ለመግዛት ተስማማ። ቡድኑ መርሰዲስ ተብሎ ከ2014 እስከ 2021 ስምንት የቡድኖች ሻምፒዮና በተከታታይ ወሰደ። ዛሬ የሚገመተው በቢሊዮን ዶላር ነው።

የቴስላውን ድርሻ ከፊሉን ለአባር ካስተላለፈ በኋላ የቀረውን በኦክቶበር 2014 በ780 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሸጠው። ጥሩ ትርፍ ነው። ያ ድርሻ ሰባት ዓመት ቢቆይ ስንት ይሆን እንደነበር ማስላት የሚፈልግ አንባቢ ግን እራቱን በልቶ እንዲያሰላ እንመክራለን። ጀርመኖች ሳቁን በጊዜ ሰሙ፤ ከገበያው የወጡት ግን ጭብጨባው ገና ሲጀምር ነበር።

የአሥር ፓውንዱ ጭብጨባ

አሁን ወደ መራራው እንለፍ። ሮቨር የእንግሊዝ መኪና ሥራ ቅሪት ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1988 ለብሪቲሽ ኤሮስፔስ በ150 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠው። ቢ.ኤም.ደብሊው በ1994 በ800 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ጀርመኖቹ ገንዘብ ሲፈስባቸው ጋዜጦቻቸው ‹‹እንግሊዛዊው በሽተኛ›› እያሉ ይሳለቁበት ጀመር። በ2000 ቢ.ኤም.ደብሊው በቃኝ አለ። ሚኒን ለራሱ አስቀረ፤ ላንድሮቨርን ለፎርድ ሸጠ፤ የቀረው በርሚንግሃም አጠገብ ያለው የሎንግብሪጅ ፋብሪካ ሆነ።

ሁለት ፈላጊዎች ነበሩ። አልኬሚ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ‹‹ፋብሪካው እንዳለ አይቆምም፤ አንሶ የስፖርት መኪና ብቻ ይሥራ፤ ብዙ ሰው ይቀነሳል›› አለ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሰልፍ ወጣ። ፊኒክስ የተባለው የነጋዴዎች ስብስብ ደግሞ ‹‹ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል›› አለ። ፋብሪካው ለፊኒክስ በአሥር ፓውንድ ተሸጠ። ቢ.ኤም.ደብሊው ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወለድ የሌለው ብድር ጥሎሽ ጨመረበት። መሪያቸው ጆን ታወርስ ወደ ፋብሪካው በር ሲመጡ ሠራተኛው እንደ ጀግና ተቀበላቸው። ጭብጨባው በቴሌቪዥን ታየ።

በራሱ የሚቀልድ ሕዝብ በዚያች ቀን አልቀለደም። ‹‹አዲስ ሞዴል የሚሠራበት ገንዘብ ከየት ይመጣል?›› ብሎ በአደባባይ የጠየቀ የደስታ አፍራሽ ይባል ነበር። በኤፕሪል 2005 ፋብሪካው ተዘጋ፤ ከ6,000 በላይ ሰዎች ሥራ አጡ። በ2009 የወጣው የመንግሥት መርማሪዎች ሪፖርት አራቱ የፊኒክስ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጁ በእነዚያ ዓመታት 42 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል በደመወዝና በጡረታ መልክ ማግኘታቸውን ገለጸ። ኤም.ጂ የሚለውን ስምና ማሽኖቹን የቻይናው ናንጂንግ በ53 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወሰዳቸው። ዛሬ እንግሊዛዊ ኤም.ጂ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ የሚገዛው ከቻይና ነው። ሲ 5 ላይ የሳቀ አገር የባትሪ መኪናውን በራሱ አሮጌ ስም ከሩቅ ምሥራቅ ያስመጣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። በተሳቀበት አንድ ፓውንድ ሻምፒዮና ተገዛ። በተጨበጨበለት አሥር ፓውንድ ግን የ6,000 ቤተሰብ ለቅሶ ተገዛ።

‹‹የተሳቀበትን ሁሉ ልግዛ?››

ጠንቃቃ አንባቢ ‹‹ምሳሌ መርጠህ ነው›› ሊል ይችላል። ልክ ነው። የተሳቀበት ሁሉ ወርቅ አይደለም። ከብራውን ድል ማግሥት፣ በ2010፣ ሦስት አዳዲስ ቡድኖች ፎርሙላ ዋን ገቡ፤ ሦስቱም በዚያ ዓመት አንድ ነጥብ አላገኙም። ከእነሱ የሁለቱ ጌቶች የቨርጂኑ ሪቻርድ ብራንሰንና የኤርኤሺያው ቶኒ ፈርናንዴስ ነበሩ። ሁለቱም የአየር መንገድ ባለቤቶች ናቸውና ‹‹የተሸነፈ በአሸናፊው አይሮፕላን ላይ ሆስተስ ሆኖ ያገልግል›› ተባብለው ተወራረዱ። ብራንሰን ተሸነፉ። በሜይ 2013 እግራቸውን ተላጭተው፣ ቀሚስ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ተቀብተው ከፐርዝ ወደ ኳላ ሉምፑር በሚበር አይሮፕላን ላይ መጠጥ አደሉ፤ ፈርናንዴስም ላይ ጭማቂ ደፉባቸው። በ2009 በአንድ ፓውንዱ ነጭ መኪና ላይ ስማቸውን የለጠፉት እኚሁ ብራንሰን እንደነበሩ ልብ ይሏል። አሸናፊውን ትተው ወደ ተሸናፊው ሄዱ ማለት ነው። ሦስቱም አዳዲስ ቡድኖች ዛሬ የሉም።

ስለዚህ ሳቅ የግዢ ትእዛዝ አይደለም። ሳቅ የጉድለት ዝርዝር ነው። የተሳቀበት ዕቃ ጉድለቱ አደባባይ ስለወጣ ከዋጋው ላይ ተቀንሷል፤ ገዢው የሚቀረው ‹‹ይህ ጉድለት ይጠገናል ወይስ አይጠገንም?›› ብሎ መመርመር ነው። የሲ 5 ጣሪያ አልተጠገነም። የቴስላ ባትሪ ተጠገነ። ለብራውን ቡድን መጠገኛው አስቀድሞ ተሠርቶ መጋዘን ተቀምጦ ነበር። የተጨበጨበለት ዕቃ ጉድለት ግን ገና አልተነገረም፤ ስላልተነገረም አልተቀነሰም። ሙሉ ዋጋ የሚከፈለው ለእሱ ነው።

ወደ ቤታችን

ይህን ሁሉ የእንግሊዝ ወሬ እዚህ ማምጣት ምን አስፈለገ? የዚህ ጸሐፊ አጎት የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከዓመታት በፊት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለአንድ በምሥረታ ላይ ላለ አክሲዮን ማኅበር በተጠራ ስብሰባ ተገኝተው ነበር። ስሙን አናነሳም። ንግግሩ ሲደረግ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ‹‹ሒሳቡን የመረመረው ማነው?›› ቢሉ ሕዝቡ አጉረመረመባቸውና ተቀመጡ። አጎታችንም ከአጉረምራሚዎቹ አንዱ ነበሩ። በዚያ ቀን የገዙት የአክሲዮን ሰርተፊኬት ዛሬ በመስተዋት ተደርጎ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ትርፍ ተከፍሎበት አያውቅም። ደንበኛ ሲጠይቃቸው ‹‹ከገዛኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ውዱ ይኼ ነው›› ይላሉ። አሁን ይስቃሉ። ያ ሳቅ በአዳራሹ ቢገኝ ኖሮ ገንዘባቸው እጃቸው ላይ ይቀር ነበር።

ዛሬ ጉዳዩ የአጎታችን ብቻ አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፍቷል። ከእንግዲህ ጭብጨባው ከሆቴል አዳራሽ ወጥቶ ገበያ ላይ ይሰማል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በየሻይ ቤቱ ‹‹መብራት ሲጠፋ መኪናው ሻማ ይበራለታል ወይ?›› የሚለው ቀልድ ደርቷል። አስመጪውም ደላላውም ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ነገር ግን ሳቁ ካለቀ በኋላ ወረቀት አውጥተው ቀልዱን ወደ ዝርዝር ይለውጡት። ባትሪው በስንት ዓመት ይደክማል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? መሙያው የት የት አለ? ሁለተኛ እጅ ሲሸጥ ስንት ያወጣል? የሚጠገነውን ከማይጠገነው ይለዩ። እንግሊዞች በሲ 5 ጊዜ ዕቃውንና ሐሳቡን አንድ ላይ ስቀው አንድ ላይ ጣሉ። እኛም እንዳንደግመው።

በሚቀጥለው ጊዜ አክሲዮን የሚሸጥበት አዳራሽ ሲገቡ፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ ሁለት እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ። ማጨብጨብ አይችሉም፤ መክፈልም አይቸኩሉም። ከኋላ ተነሥተው ሒሳቡን የሚጠይቁ ሽማግሌ ካሉ ደግሞ አያጉረምርሙባቸው። አጠገባቸው ሄደው ይቀመጡ።